ለፋፊውን የገደልኩበት ቅዳሜ

ከዚህ በፊት የራሴ የምለው ነገር ጽፌ አላውቅም። የሰው ግን ብዙ ተይቤያለሁ። አሰላ ውስጥ መሥሪያ ቤቶቹ አካባቢ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምሠራ፣ የስንቱን ማመልከቻና የስንቱን የሕይወት ታሪክ በኮምፒውተር ጽፌያለሁ። «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» የሚለውን ዓይኔን ጨፍኜ እተይበዋለሁ። ይህንን ስጀምርም እጄ ለምዶበት «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ጻፈና አጠፋሁት። የሚመለከተው ማን እንደሆነ አላውቅማ።

ትምህርቴ የቆመው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ከጎበሳ ወደ አሰላ አክስቴ ጋ የመጣሁት ዘጠነኛ ልገባ ነበር። የምዝገባ ቀን መዝጋቢው ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አልሰማም። «ጮክ በይ!» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች ሲስቁ ዞርኩና ወደ ቤት ሄድኩ። ሰው ሲሰማው ምክንያቱ ይሄ ብቻ አይመስለውም። ይሄ ብቻ ነው። እኔ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ የመጣሁትን መንገድ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት እትዬ ናት። እትዬ የምላት አርጅታ ሳይሆን እኔ ሌላ ነገር ብዬ ለመጥራት ስለማፍር ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ፣ መምህር ባሏ ወደዚህ ሲመደብ ከጎጃም አብራው የመጣች ናት። ቤቱን በመጋረጃ ለሁለት ከፍላዋለች። ከመጋረጃው ወዲህ ፎቶ ኮፒው፣ ወረቀቱና እኔ አለን። ከመጋረጃው ወዲያ እሷ ለክሊኒክና ለሆቴል ድረ ገጽ ትሠራለች። አንድ ቀን ለራሷ ያተመችውን ፓይተን የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ማስተማሪያ ስጠርዝላት እያነበብኩ ደረሰችብኝ።

«ገባሽ?»

«አልገባኝም።»

«ታዲያ ለምን ታነቢዋለሽ?»

ጥረዛዬን ቀጠልኩ። እውነቱ ግን ኮምፒውተር «ጮክ በይ» አለማለቱ ነበር። ስትሳሳቺ በቀይ ጽፎ ያሳይሻል፣ ለሌላ ሰው አይናገርም፤ በዚያ ላይ እስክታርሚ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። እንዲህ ዓይነት ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም።

እንዲህ ሆኖ ደንበኛ ሲጠፋ ታስተምረኝ ጀመር። እንግሊዝኛዬ ያው የስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ግማሹን ቃል እንደ ሥዕል ነው የማስታውሰው። ፍሬምወርክ የሚባለውን ስታስረዳኝ፣ «ቤት ስትሠሪ ቋሚውንና ማገሩን አቁሞ የሚሰጥሽ ማለት ነው፤ አንቺ ጭቃውን ትመርጊያለሽ» አለችኝ። ጭቃ መምረግ አውቃለሁ፤ ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን ማገሩ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ነገረችኝ። አንዱ ጃንጎ፣ ሌላው ፍላስክ ይባላል። ሌሎችም አሉ፤ ለእኔ ሁለቱ በቂ ነበሩ፣ እንዲያውም በዝተውብኛል።

ሰው ስልኩ ላይ አንድ አድራሻ ሲነካ ጥያቄው ወደ የትኛው የኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የተጻፈ ትእዛዝ፣ ክፍል እንደሚሄድ መወሰን ራውቲንግ ይባላል። ይህን መናኸሪያ ሄጄ ቆሜ ነው የተረዳሁት። ጃንጎ ተራ አስከባሪ አለው። አድራሻዎቹ ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ተደርድረዋል፤ ተሳፋሪው ሲመጣ ተራ አስከባሪው ከላይ ወደ ታች ያያል፣ መጀመሪያ የተስማማው ላይ ይጭነዋል። ፍላስክ ደግሞ እንደ ጋሪ ነው። እያንዳንዱ ባለ ጋሪ የሚሄድበትን ራሱ ይጠራል፤ አድራሻው ከሚሠራው ኮድ አናት ላይ ይጻፋል፣ በቃ።

ተረዳሁ ባልኩ ማግስት ጃንጎ ላይ ለልምምድ በምሠራው የአባላት መዝገብ ከሁሉም በላይ «የመጣው ቃል ሁሉ የአባል ስም ነው» የሚል መስመር ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ «አዲስ አባል መዝግብ» የሚለው ቁልፍ በተነካ ቁጥር ገጹ «አዲስ የሚባል አባል የለም» ይል ጀመር። ግማሽ ቀን አዲስ የሚባለውን ሰውዬ ፈለግኩት። እትዬ አየችና ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች።

«ተራ አስከባሪሽ ሰክሯል! ባሌ የሚሄደውንም ጢቾ የሚሄደውንም የመጀመሪያው መኪና ላይ እየጫነ ነው። ጠባቡን ወደ ላይ አውጪው፣ ሰፊውን ወደ ታች።»

ፍላስክ ላይ ያንኑ ስህተት ብሠራ ምንም አልሆነ። እሱ ቅደም ተከተሉን ትቶ በቁርጥ የተጻፈውን አድራሻ ያስቀድማል። ስለዚህ ፍላስክን ወደድኩት። ስህተቴን ሳያሳይብኝ ያለፈ ሁሉ ጓደኛዬ ይመስለኛል፤ ይህ ጠባዬ በኋላ ላይ ጉድ ሠርቶኛል።

ዳታቤዝ ላይ ግን ልቤ ጃንጎ ጋ ነበር። ዳታቤዝ መረጃው የሚቀመጥበት ጎተራ ነው፤ የሚሰማው የራሱን ቋንቋ ብቻ ነው። ጃንጎ አስተርጓሚ ይሰጥሻል። አንቺ በፓይተን «ይሄን አባል አምጣልኝ» ትያለሽ፣ እሱ ሄዶ በዚያ ቋንቋ ይለምንልሻል። ፍላስክ አስተርጓሚ የለውም፤ ከፈለግሽ ከውጭ ታመጫለሽ፣ ካልፈለግሽ ራስሽ ፊት ለፊት ቆመሽ ትናገሪያለሽ። ለእኔ የትኛው እንደሚሻል መገመት አያስቸግርም። እኔ ሱቅ ውስጥ ስኳር ለመጠየቅ እንኳን አስተርጓሚ ባገኝ ደስ ይለኛል።

የሰፈራችን እድር በስልክ የሚታይ ገጽ ፈለገ። የአባላቱ ስም፣ ድንኳን ለመትከል የማን ተራ እንደሆነ፣ ማን እንዳረፈ የሚያሳይ። እትዬ የእድሩ አባል ስለሆነች በነፃ ልሥራላችሁ ብላ ለዳኛው ቃል ገብታለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«በሁለቱም ሞክሪውና የሚሻለውን ለእድሩ ስጪ። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው ከተቀበለው መጋረጃውን አልፈሽ ትገቢያለሽ፤ ወንበር እገዛልሻለሁ። ካልተቀበለው ያው ፎቶ ኮፒሽ አለልሽ።»

«እሺ።»

«ደግሞ ለአባላቱ የምታስረጂው አንቺ ነሽ።»

«እትዬ!»

«እትዬ የለም። እኔ አፍ አላውስሽም።»

ያን ወንበር ምን ያህል እንደፈለግኩት ለማንም አልተናገርኩም። ወረቀት የሚያቀብል እጅ ብቻ ሆኜ መቅረቴ ነበር የሚያስጨንቀኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ግን ሰው ሲገባ «እሷ ናት የሠራችው» ይባላል፤ እኔም ምንም ሳልናገር አንገቴን እደፋለሁ። የሕልሜ ጣሪያ ይሄ ነው።

ገጹን የተቃወሙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ለፋፊው። ሰው ሲሞት ጡሩምባቸውን ነፍተው በየመንገዱ የሚያስታውቁት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ አማርኛቸውን በኦሮምኛ ያጣፍጡታል። ስለ ገጹ የሰሙ ቀን ሱቃችን በር ላይ ቆሙ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ ስልክ ነው የሚለፍፈው?»

«አይ አባባ፣ ለመርዳት ነው» አልኩ፤ አልሰሙኝም መሰለኝ።

«ስልክ ሳንባ አለው? ዝናብ ሲዘንብ ይወጣል? ከሟች ቤት ገብቶ እንባ ያብሳል?»

እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «አባባ፣ እርስዎን አንደኛ አባል አድርጋ ነው የመዘገበችዎት» ብላ አስታረቀችኝ። እውነትም ነው። በእኛ እድር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነገረው ለለፋፊው ስለሆነ፣ አንደኛ ቁጥር የተሰጠው ለእሳቸው ነበር። ይሄን ቁጥር አንድ አስታውሱልኝ።

መጀመሪያ በጃንጎ ሠራሁት፤ እትዬ አይታ «ለሁለት ሰው ሻይ የእድር ድስት ጣድሽ» አለችኝ። ገጹ ትንሽ፣ ጃንጎ ትልቅ ነበር ለማለት ነው። ስለዚህ በፍላስክ እንደገና ሠርቼ ለእድሩ እሱን ሰጠሁ። ድንኳን ተካዮቹ ልጆች ተራቸውን ስልካቸው ላይ ማየት ጀመሩ። ጥሩ እየሄደ ነበር። የሚያስፈራኝ የገዛ አፌ ብቻ ነበር።

ከጉባኤው በፊት ያለው ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ወረቀት ልትገዛ አዳማ ሄደች። እኔም ነገ እንዳልዋረድ ሥራዬን አንዴ ልፈትሽ አልኩ። ኮድ ኮድን የሚፈትሽበት ዘዴ አለ፤ ለጃንጎው የጻፍኩት ፈተና ነበረኝና ጥቂት ቃል ብቻ ቀይሬ ወደ ፍላስኩ ገለበጥኩት። ፈተናው እንዲህ ነው የሚለው፦ ሙከራ የሚባል አባል መዝግብ፤ ከዚያ አንደኛው አባል አርፏል ብለህ አስታውቅ፤ ከዚያ ወሬው ገጹ ላይ መውጣቱን እይ።

ጃንጎ ላይ ይሄ ነውር የለበትም። ጃንጎ ፈተና ስታስጀምሪ ሳትጠይቂው ባዶ ጎተራ ይሠራልሻል፤ እዚያ ውስጥ አንደኛውም አባል ያ ሙከራ የሚባለው ነው። ስትጨርሺ ጎተራውን ያፈርሰዋል። እኔ የዓለም ፍሬምወርክ ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ መስሎኝ ነበር። ፍላስክ ለፈተና ሌላ ጎተራ ስጠኝ ካላልሽው አይሰጥሽም። አላልኩትም። ዝም ያልኩት ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ በክፋት አይደለም።

በአረንጓዴ «አለፈ» የሚል መጣ። ራሴን አመሰገንኩ። ሱቁን ዘግቼ ምሳ ልበላ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ።

አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በር ላይ አገኘኋት።

«ማን ሞተ?»

«ለፋፊው!»

«እንዴ! ጡሩምባ አልሰማሁም።»

«ማን ይንፋው? የሞተው እሱ!»

ይሄ ነው ነገሩን ሁሉ ያበላሸው። ሌላ ማንም ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው «ጡሩምባ ሳይነፋ?» ብሎ ይጠራጠር ነበር። የሳቸው ሞት ግን ያለ ጡሩምባ መምጣቱ ራሱ ማስረጃ ሆነ። የድንኳን ተረኛው ልጅ ስልኩ ላይ አይቶ ለጓደኞቹ ነገረ፣ ጓደኞቹ ድንኳን ጫኑ፣ ሴቶቹ ድስት አወጡ። ሲሄዱ የሳቸው በር ተቆልፏል። ስልካቸው አይነሳም። ጢቾ ዘመድ ሠርግ እንደሄዱ አንዲት ጎረቤት ስታስታውስ ነገሩ ሁሉ ቦታውን ያዘ።

«ጢቾ ነው ያረፈው፤ አስከሬኑ መንገድ ላይ ነው» አለ አንዱ።

«እየጨፈረ ሳለ ነው አሉ» አለ ሌላው።

ማን እንዳለ ግን ማንም አላወቀም።

እኔስ? እኔ አለቀስኩ። እዚህ ላይ ቆሜ ልናገረው፤ የገደልኩትን ሰው ለቅሶ ሄጄ፣ ከልቤ አለቀስኩ። ሱቁ በር ላይ «ስልክ ሳንባ አለው?» ያሉት ትዝ አለኝና ድምፄን ማፈን አቃተኝ። በዕድሜዬ ሰው ፊት ጮክ ያልኩት ያኔ ነው። አንዲት ሴት ትከሻዬን እየዳበሰች፣ «አባትሽ ናቸው እንዴ፣ እናቴ?» አለችኝ። አባቴ እንዳልሆኑ ለማስረዳት አፈርኩ፤ ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ የሟች ልጅ ሆኜ ቆየሁ። ሰዎች እየመጡ «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ።

ባጃጅ መጥታ ድንኳኑ አጠገብ ቆመች። ለፋፊው ነጭ ሽንኩርት የሞላ ማዳበሪያቸውን ታቅፈው ወረዱ። ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እሳቸው ግን ሰው አላዩም፤ ድንኳኑን ነው ያዩት። ፊታቸው በንዴት ጠቆረ።

«ዋቀዮ! አምላኬ! ሰው ሞቶ ሳይነገረኝ? አንድ ቀን ብሄድ? አንድ ቀን!»

 ማዳበሪያውን ጣሉት፣ በራቸውን ከፈቱ፣ ገብተው ጡሩምባቸውን ይዘው ወጡ። ከንፈራቸውን ጠርገው ወደ ዳኛው ዞሩ።

«የማንን ስም ልጥራ?»

ዳኛው መሬት መሬቱን አዩ። «የርስዎን» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አልሰማሁም፤ ሰው እልል ይላል፣ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። ተረኛው ልጅ «ስልኩ ነው ያለው፣ እዩት!» እያለ ለሁሉም ያሳያል። እኔም አየሁ። ከአባላቱ ሁሉ በታች አንድ አዲስ አባል ተመዝግቧል። ስሙ ሙከራ፣ የአባቱ ስም ሙከራ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የሚገርመው ትከሻዬን የዳበሰችው ሴት አሁንም እጄን እንደያዘች ነው።

እትዬ ማምሻውን ከአዳማ ደውላ ሰማች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን «ለፈተናው ሌላ ዳታቤዝ አላዘጋጀሽለትም» አለች። «አላዘጋጀሁም» አልኩ። «ነገ ለአባላቱ ይሄንኑ ንገሪያቸው» ብላ ዘጋች።

እሑድ የእድሩ አዳራሽ ጢም ብሏል። ገጹ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለው ላይ ሲደረስ ስሜ ተጠራ። ተነሣሁ። ጀመርኩ።

«ጮክ በይ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ያንን ቃል ስሰማ እግሬ ወደ በሩ ዞረ፤ በእውነት ነው የምላችሁ፣ ልሄድ ነበር። በሩ ላይ ግን ለፋፊው ጡሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሳይነሡ አንዴ ነፉት። አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ልጅቱ ልትናገር ነው» አሉ።

መውጫ ስላጣሁ ተናገርኩ። ጎተራ ብል እንደማይገባቸው ገመትኩና በድስት ጀመርኩ።

«ሁለት ቤት አለ በሉ። አንደኛው ቤት ወጥ ለመሞከር ስትገቡ ሳትጠይቁት ትንሽ ድስት ያቀብላችኋል፤ ስትጨርሱ አጥቦ ያነሣዋል፤ የእድሩን ድስት አያስነካም። ሁለተኛው ቤት ካልጠየቃችሁት ድስት አያቀብልም። እኔ አንደኛው ቤት ለምጄ ሁለተኛው ቤት ገባሁ። የያዝኩት የሙከራ ድስት መስሎኝ የእድሩን ድስት ይዤ... ጨው ጨመርኩ።»

«ጨው ብቻ?» አሉ አንዲት እናት። «ሰውዬውን አይደል እንዴ የጨመርሽው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ሰው ፊት መሳቅ እንደ መናገር አይከብድም ለካ።

ዳኛው ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «ታዲያ የትኛው ቤት ይሻላል?» አሉኝ።

«ሁለተኛው ቤት ጥፋት የለበትም፣ ጋሼ። ለሚናገር ሰው ቀላልና ጥሩ ነው። እኔ ግን... መጠየቅ የማፍር ነኝ። ለኔ ዓይነቱ ሳይጠይቁት የሚያቀብለው ይሻላል። ከፈቀዳችሁልኝ ወደ እሱ እመልሰዋለሁ።»

ተቀመጥኩ። አንዳንዱ «ይቅርብን» አለ፣ አንዳንዱ «ልጅ ናት» አለ። ወንበሬ ከመጋረጃው ወዲያ ሲርቅ ታየኝ። ያኔ ለፋፊው ተነሡ፤ አለቀልኝ አልኩ።

«እኔ ትናንት የለቅሶዬን ድንኳን አየሁ» አሉ። «ማን እንደመጣ አየሁ። ማን እንዳልመጣም አየሁ።» ከወደ መሐል ሁለት ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጢቾ ሆኜ ብሞት ማን ይሰማል ብዬ እጨነቅ ነበር። ለካ ስልኩ ይሰማል። ይቅር አልልም። ግን ሕግ ይውጣለት። እኔ ከቤቱ ገብቼ፣ አይቼ፣ ጡሩምባዬን ሳልነፋ ማንም ስልክ ላይ አይሞትም። ከነፋሁ በኋላ ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ሲሞቱስ አባባ?» አለ ተረኛው ልጅ።

«እሷ ትጫን። ልምድ አላት።»

እጅ ወጣ፤ ሕጉም ገጹም ጸደቀ። እትዬ ከፊት ወንበር ዞራ በሁለት እጇ መጋረጃ እንደመግለጥ አድርጋ አሳየችኝ።

ገጹን በጃንጎ መልሼዋለሁ። ለለፋፊው ቁልፍ የሚሆን አድራሻም ተራ አስከባሪው ዝርዝር ላይ ገብቷል፤ ከሰፊው በላይ ማስገባቴን ደጋግሜ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈውም ከመጋረጃው ወዲያ፣ አዲሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አንድ እግሩ ትንሽ ያጥራል፤ እስካሁን ለእትዬ መናገር አፍሬ ወረቀት አጥፌ አስደግፌዋለሁ።

ያን እሑድ ሰው ሲበተን ግን አንገቴን ደፍቼ በለፋፊው አጠገብ ሹልክ ልል ስል ጡሩምባቸውን ዘርግተው መንገዴን ዘጉት።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ። «ሌላ ጊዜ ስትገድዪኝ ግን፣ መጀመሪያ በሬን አንኳኪ።»